የጓሮዋ ክፍል

ኦዲል ከሞስኮ ሲመጣ የያዘው አንዲት ትንሽ ሻንጣና አጭር ፈቃድ ብቻ ነበር። በዚያች ፈቃድ ውስጥ የአባቱን ቤት ሸጦ፣ ድርሻውን ተቀብሎ፣ ተመልሶ የሕንፃ ሥራው ላይ መገኘት አለበት። ከዘገየ አሠሪው ሌላ ሰው ይተካበታል። ይህንን ለታላቅ እህቱ ለዙለይሆ የነገራት ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ነው። እሷም "መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ" አለችው።

ቤቱ መሸጡ ለዙለይሆ አዲስ ነገር አልነበረም። እሷ ኑሮዋ ፈርጋና ከተማ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ በነርስነት ትሠራለች፣ ሳቢር የሚባል ባል አላት፣ ልጆች አሏት። ወንድሟም የአባታቸው ቤት ወዳለበት ወደ ማርጊላን ተመልሶ እንደማይኖር ታውቃለች። እናታቸው ባለፈው መኸር ካረፉ ወዲህ ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነበር። ያስደነገጣት ጥድፊያው ነው።

አባታቸው በሕይወት ሳሉ ቤቱን በየዓመቱ ኖራ ይቀቡት ነበር። ጣሪያ ላይ ወጥተው ቆርቆሮ ሲመቱ የሚሰማው ድምፅ ለሰፈሩ የፀደይ ምልክት ነበር። እሳቸው ሞቱ፣ እናታቸው አልጋ ላይ ዋሉ፣ ቤቱም አብሮ ታመመ። የሳሎኑ ግድግዳ ከሥሩ እርጥበት ስቦ ልስኑ ይረግፋል። የውጭው በር ካልገፈተሩት አይከፈትም። የማድቤቱ ቧንቧ ሌሊትና ቀን ያንጠባጥባል።

ገዢ ግን ቶሎ ተገኘ። ኤርጋሽ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር፣ ልጁን ጾም ሳይገባ ሊድር ቀን ቆርጦ፣ ሙሽሪትን የሚያስገባበት ሰፊ ግቢ ሲፈልግ ደላላ ይዞት መጣ። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና ወደደው።

"እኔ ወድጄዋለሁ" አለ ኤርጋሽ፣ "ግን የእኔ መውደድ ቤት ገዝቶ አያውቅም። ዓርብ ባለቤቴን ይዣት እመጣለሁ።"

ዙለይሆ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ጋኖች ወጡ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ወጡ፣ የእናታቸው መድኃኒቶች በከረጢት ተጣሉ። ምንጣፎቹ ውጭ ተሰቅለው በዱላ ተደበደቡ። ኦዲል እጅጌውን ሰብስቦ የሳሎኑን ግድግዳ ፋቀና ኖራ መቀባት ጀመረ።

"እትዬ፣ ይኼ ኖራ በዚህ ብርድ የሚደርቅ መስሎሽ ነው?"

"ሩስያ ቀለም ስትቀባ አይደል እንዴ የምትኖረው?"

"እዚያ ማሞቂያ አለ።"

"እዚህ ደግሞ አንተ አለህ። እፍ በልበት።"

በዚህ ሁሉ መሐል የሚያበሏቸው፣ የጠፋውን የሚያገኙላቸው፣ ውሃ የሚያሞቁላቸው ኢኖባት ነበሩ። ኢኖባት የአባታቸው እህት ናቸው፤ ኦዲልና ዙለይሆ "አማ" ነው የሚሏቸው። በወጣትነታቸው አንድ በጋ ብቻ በትዳር ቆይተው፣ ይዘውት የሄዱትን ሳጥን ይዘው ተመለሱ። ምን እንደደረሰባቸው እሳቸው አልተናገሩም፣ ወንድማቸውም አልጠየቁም። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ኖራ ቀብተው "ይኸው ቤትሽ" አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው እዚያው ነው። የልጆቹ እናት ፋብሪካ ሲውሉ ዙለይሆንና ኦዲልን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ይዛው የምትሄደውን የጥጥ ብርድ ልብስ የሚሰፉትም እሳቸው ናቸው፤ ክፍላቸው እስከ ጣሪያው ድረስ በጥጥ ከረጢት የተሞላ ነው።

ወንድምና እህቱ ሁሉንም ክፍል አጸዱ፤ ወደዚያች ክፍል ግን አልሄዱም። ኖራውን ይዘው እስከ ጓሮው መታጠፊያ ይደርሱና ሌላ ሥራ ትዝ ይላቸዋል። በመጨረሻ ዙለይሆ ወንድሟን ወደ ከሰል ማስቀመጫው ጀርባ ጎተተችው።

"ለአማ ምን አልካቸው?"

"እኔ? አንቺ ነግረሻቸዋል ብዬ ነዋ!"

"እኔ ምን ብዬ ልንገራቸው? ሻጩ አንተ፣ ቸኳዩ አንተ።"

"ካንቺ ጋር ይሄዳሉ ብዬ ነው የማስበው። ታላቅ አንቺ ነሽ፣ እዚሁ ቅርብ ነሽ።"

"የት ላስተኛቸው ኦዲል? ሁለት ክፍል ውስጥ እኔና ሳቢር፣ ልጆቹ፣ በዚያ ላይ አማቴ። አማቴን ታውቃቸው የለ፤ ድመት ስትገባ እንኳ 'የማን ነሽ' ብለው ነው የሚቀበሏት።"

"እኔ የምተኛው ኮንቴይነር ውስጥ፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው። ምን ላድርግ፣ ላይኛው ላይ ልስቀላቸው?"

"ቀስ በል! ይሰማሉ።"

"ጆሯቸው ደክሟል።"

"ልጆች!" አሉ ኢኖባት ከማድቤት። "ሾርባው ቀዘቀዘ!"

ሄደው ሾርባቸውን ጠጡ። ኢኖባት ለኦዲል ከሥጋው ጨመሩለት። ዙለይሆ ዓይኗን ከሳህኗ አላነሳችም።

ዓርብ ኤርጋሽ ባለቤቱን ይዞ መጣ። ሮሃት ትባላለች፤ ደልደል ያለች፣ ዓይኗ ፈጣን የሆነ ሴት ናት። ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች፣ የዳቦ ምድጃው ውስጥ አንገቷን አስገባች፣ የወይኑ ሐረግ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ማንም ሳያስቆማት ወደ ጓሮ ታጥፋ የመጨረሻውን በር ከፈተች። ኢኖባት በነጭ ጥጥ ተከበው መርፌ ይዘው ተቀምጠዋል።

"ውይ ይቅርታ እናቴ! ሰው ያለበት አልመሰለኝም" አለችና ወደ ኋላዋ ዞረች። "ማን ናቸው?"

ዙለይሆ አፏን ከፈተች። ኦዲል ግን ቀደማት።

"እንግዳ ናቸው" አለ። "ዘመድ ናቸው፤ ለጥቂት ቀን ነው የመጡት።"

የኢኖባት መርፌ አየር ላይ ቆመች። ከዚያ ወርዳ ስፌቷን ቀጠለች። ሮሃት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላምታ ሰጥታ በሩን በቀስታ ዘጋችው። ኤርጋሽም "እንግዲህ ቀብዱን ይዘን እንመጣለን" ብሎ ተለያዩ።

በማግስቱ ጠዋት ዙለይሆ ስትነሳ የብረት ምድጃው አልተቀጣጠለም፤ ሻይም የለም። ሳሎን ስትገባ ኢኖባት ለሠርግ ብቻ የሚለብሱትን የቬልቬት ቀሚስ ለብሰው፣ ነጭ ሻሽ አስረው፣ ከበሩ ራቅ ባለው የክብር ቦታ፣ በሦስት ፍራሽ ላይ ተሰይመዋል።

ኦዲል ዓይኑን እያሸ ገባ። "አማ፣ ሻይ የለም እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ የኔ ልጅ?" አሉ ኢኖባት። "የሰው ቤት ነው። ባለቤቶቹን ጠይቅ።"

ኦዲል የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ዙለይሆ ሻይ አፍልታ አመጣችላቸውና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። "ኧረ ለምን ተቸገራችሁ" አሉ፣ እንግዳ እንደሚለው።

የዚያን ዕለት ሥራ አልሆን አለ። የከሰል ቤቱ ቁልፍ ጠፋ። የኖራው ወንፊት ጠፋ። ኦዲል ሾርባ ልሥራ ብሎ ጨው ሁለቴ ጨመረበት። ኢኖባት አንድ ማንኪያ ቀምሰው "እጃችሁ ይባረክ፣ እኔ ትንሽ በላተኛ ነኝ" ብለው ሳህኑን መለሱ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኦዲል የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አጠብቃለሁ ብሎ ከሥሩ ነቀለው። ውሃው እየተምዘገዘገ አዲስ የተቀባውን ግድግዳ አጠበው። ኦዲል በመዳፉ ሊይዘው ሲታገል፣ ዙለይሆ ጫማዋ ውሃ ሞልቶ እየተንቦጫረቀች ሳሎን ገባች።

"አማ! የውሃው መዝጊያ የት ነው?"

"እንግዳ የሰው ቤት መዝጊያ ምን ብሎ ያውቃል?"

ዙለይሆ ውሃ እያንጠባጠበች ቆመች። ኢኖባት ጫማዋን አዩ።

"ከሮማኑ ሥር፣ ከሰፊው ጡብ በታች" አሉ። "ጎረቤት ሲያወራ ሰምቼ ነው።"

ኤርጋሽና ሮሃት ቀብዱን ይዘው የመጡት ግድግዳው ገና ሳይደርቅ ነው። ሮሃት ግን ሲመጡ መንገድ ላይ ዳቦ ልትገዛ ቆማ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ስታወራ ቆይታ ነበርና፣ ሳሎን እንደገባች ሌላውን ሁሉ ትታ ከኢኖባት አጠገብ ተቀመጠች።

"እናቴ" አለች፣ "እርስዎ እዚህ ቤት የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ እዚህ የማስገባው ሙሽራ ነው፤ የሰው ልጅ ነች። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ከዚህ ሲወጡ ደስ ብሎዎት ነው?"

ኢኖባት የሻሻቸውን ጫፍ አስተካከሉ።

"ገና አልጠየቁኝም" አሉ።

ኦዲል ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሮሃት ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።

"ኤርጋሽ፣ ተነስ።"

"ቀብዱስ?"

"ኪስህ ውስጥ ይሙቅ።" የውጭው በር ላይ ስትደርስ ወደ ኦዲል ዞረች። "የልጄን አልጋ በአሮጊት እንባ ላይ አልዘረጋም ወንድሜ። ነገራችሁን ጨርሱና ጥሩኝ። ካልጨረሳችሁ እኛም ቀናችን ደርሷል፤ ሌላ ቤት እናያለን።"

በሩ ተዘጋ። ኦዲል የኖራውን ባልዲ በእግሩ መታው። "አበላሹት! ቤቱን አበላሹት በቃ!"

"ማን ነው ያበላሸው?" አለች ዙለይሆ። "እንግዳ ናቸው ያልከው አንተ!"

"አንቺስ ምን አልሽ? ዝም ነው ያልሽው!"

እውነቱን ነው፤ ዝም ነው ያለችው። ኦዲል ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበትና በኖራማ እጁ ፊቱን ሸፈነ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔም እኮ ቤት የለኝም እትዬ" አለ። "ባለፈው ክረምት ልጄ ከእናቷ ቤት ልታየኝ ስትመጣ የማስቀመጥበት አጥቼ ባቡር ጣቢያ ነው የዋልነው። እዚያው ሞስኮ አንዲት ክፍል ለመግዛት ተነጋግሬያለሁ። ቀኗን ካሳለፍኩ ለሌላ ሰው ትሸጣለች።"

ይህንን ነግሯት አያውቅም ነበር። ዙለይሆ ትከሻውን ነካ አድርጋው ወደ ሳሎን ገባች፤ ከኢኖባት ፊት፣ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠች።

"ልንነግርዎት ፈርተን ነው አማ።"

"ማንን ነው የፈራችሁት? እኔን?"

"የት ይሄዳሉ ብሎ መጠየቁን።"

"እኔ እንደሆነ መሄድ አልፈራም" አሉ ኢኖባት። "ይኼ ቤት እርጥብ ነው፤ ጉልበቴን ጨርሶታል። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ልሂድ ልሂድ ስል እናታችሁ ወደቀች። ማን ያገላብጣት? አንቺ በሳምንት አንዴ ብርቱካን ይዘሽ ትመጫለሽ። እሱ በስልክ ያለቅሳል። እኔም ቀረሁ። አልተቆጨሁም፤ ጥሩ ሴት ነበረች። ግን መሄድ አትፈልግም ያላችሁ ማን ነው?"

ዙለይሆ ይህን አልጠበቀችም። ስታስበው የኖረችው እኚህ ሴት ከዚህ ግቢ ቢወጡ በማግስቱ የሚሞቱ አድርጋ ነው።

"ታዲያ ምንድነው የሚፈልጉት?"

"በር።"

"የምን በር?"

"የራሴ በር። ከውስጥ የምቆልፈው። ሰው ሲመጣ አንኳኩቶ 'ኢኖባት አለሽ ወይ?' የሚልበት። ወንድሜ ነፍሱን ይማርና ክፍል ሰጥቶኛል። የግቢው በር ግን የእሱ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ የእናንተ። እኔን ብሎ አንኳኩቶ የመጣ ሰው የለም።" ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። "ከመንደሩ ጫፍ የቶጂ ቤት አለች። ቶጂ ልጇ ጋ ጠቅልላ ሄዳለች። አንድ ክፍልና አንድ ማድቤት ናት፣ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ይገባታል። ዋጋዋን ጠይቄያለሁ።"

"ጠይቀዋል? መቼ?"

"ከከሰል ቤቱ ጀርባ ጆሮዬ የደከመ ዕለት።"

ዙለይሆ ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

"ግማሹን ከስፌቴ አጠራቅሜያለሁ" ቀጠሉ ኢኖባት። "የቀረውን ከዚህ ቤት ነው የምፈልገው። ምጽዋት አይደለም። አባታችሁ ይኼን ግድግዳ ሲያቆም ጭቃውን በእግሬ የረገጥኩት እኔ ነኝ።"

ኦዲል በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። "ድርሻችን ከተነካ እኮ ክፍሏ ትቀርብኛለች" አለ፣ እንደ ቁጣም እንደ ልመናም አድርጎ።

"ከሁለታችንም እኩል ይነሳል" አለች ዙለይሆ። "ያንተ ካልሞላ ከእኔ ትበደራለህ።"

"ባልሽን ሳታማክሪ?"

"ቤቱን የሠራው የባሌ አባት ነው እንዴ?"

ኦዲል ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ዙለይሆ ወደ ሞስኮ ሊመለስ ወደ ባቡር ጣቢያው የሄደ መሰላት። ሻንጣው መኖሩን ገብታ አየች፤ አለ። ሲመለስ ጊዜው መሽቶ ነበር፤ ኮፍያውም ትከሻውም ጥቀርሻ ለብሷል።

"የቶጂ ቤት ጭስ ማውጫው ተደፍኗል" አለ፣ ማንንም ሳያይ። "ወፍ ጎጆ ሠርቶበታል። ነገ መሰላል ይዤ እሄዳለሁ። መስኮቱም መስታወት ይፈልጋል።"

ኢኖባት ተነስተው ወደ ጓሮ ሄዱ። ሲመለሱ ቬልቬቱን አውልቀው የሥራ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። "ወንፊቱ በርሜሉ ውስጥ ነው" አሉ። "የከሰል ቤቱም ቁልፍ እዚሁ ኪሴ ውስጥ ነው። በሉ ተነሱ፤ የታጠበውን ግድግዳ ዛሬ ካልደገማችሁት አይደርቅም።"

ከዚያ በኋላ ሥራው ሄደ። ኦዲል ሲያስፈልግ ጣሪያ ላይ፣ ሲያስፈልግ የቶጂ ቤት ጭስ ማውጫ ውስጥ ነው። ዙለይሆ የጓሮዋን ክፍል በእጇ ቀባች። ሮሃት ስትጠራ መጣችና እንደገና ከኢኖባት ጎን ተቀመጠች።

"ጠየቁዎት?"

"ጠየቁኝ።"

"እና?"

"ቤቱን ውሰጂው፣ ልጄ። ግን ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ።" ኢኖባት እጇን ይዘው ወደ ሳሎኑ ጥግ ወሰዷት። ኦዲል ዓይኑን ጨፈነ። "ይኼ ግድግዳ ከሥሩ ውሃ ይስባል። አሁን ነጭ ሆኖ ታይው የለ? በክረምት ይላጣል። የሙሽሮቹን አልጋ እዚህ ጋ እንዳታደርጊ።"

ሮሃት ባሏን ዞር ብላ አየችው። "ሰማህ? ይኼን ለመስማት ነው ያን ያህል መንገድ የተመላለስኩት።" ከዋጋው ትንሽ አስቀነሰች፤ ቀብዱም ከኪስ ወጣ። ውልና ማስረጃ ቤት ወረፋው ረጅም ነበር፣ ኤርጋሽ ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው፣ ግን ከምሳ በፊት ተፈራርመው ጨረሱ። ከዚያው ሳይወጡ የቶጂ ልጅ መጥቶ የትንሿንም ቤት ስም ወደ ኢኖባት አዞሩ።

የኢኖባት ዕቃ በእጅ ጋሪ ነው የተጓዘው። የጥጡ ከረጢት አንዱ መንገድ ላይ ተቀደደና መንደሩ በነጭ ብናኝ ተሞላ። ሴቶች ከየበራቸው ወጥተው ያፍሱ ጀመር። "ሙሽራ ትመስያለሽ!" አለቻቸው አንዷ። "በእርጅናዬ ነው የባሰብኝ" አሉ ኢኖባት፣ ጋሪውን እየገፉ።

ኦዲል በቀኑ ሄደ። ለክፍሏ የጎደለውን ዙለይሆ አበደረችው። ባሏ ሳቢር ሲሰማ ብዙ ተናገረ፣ ከዚያ ኩርፊያውን ለረጅም ጊዜ አልተወም። በራት ሰዓት ጨው እንኳ በልጆቹ በኩል ነበር የሚጠይቃት። ያልተጠበቀው ነገር ከአማቷ መጣ። አሮጊቷ አንድ ቀን ምስር እየለቀሙ፣ "ያቺ አክስትሽ መስኮቷ ወደየት ነው?" ብለው ጠየቁ። ወደ ፀሐይ መውጫ ነው ስትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ምስራቸውን ቀጠሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳቢር ስለ ገንዘቡ ሲያነሳ "ተው እንግዲህ አንተ" ይሉት ነበር።

የኤርጋሽ ልጅ ሠርግ ጾም ሳይገባ ተደገሰ። ዙለይሆ ተጠርታ አልሄደችም፤ ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው ሲጨፍር ለማየት ገና አልቻለችም። ኢኖባት ሄደው ፕሎቭ የሚሉትን የሥጋ ሩዝ በልተው መጡ፤ ሩዙ ትንሽ ጠጥሯል አሉ።

የጾሙ ፍቺ ዕለት ዙለይሆ ልጆቿን ይዛ ኢኖባት ቤት ተቀምጣ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ኦዲል ነው፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ክፍሏ ውስጥ ገብቷል። ባዶ ግድግዳ፣ ወለል ላይ ፍራሽ፣ ከኋላው አንድ ትልቅ ራቁት መስኮት ይታያል።

ኢኖባት ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። "መጋረጃ የለህም?"

"ምን ያደርግልኛል አማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ።"

"ልጅህ ስትመጣ እዚያ ነው የምትተኛው?"

"ለትምህርት ቤት ዕረፍት ትመጣለች፤ አዎ።"

"መስኮቱ ወርዱ ስንት ነው?"

"እኔ እንጃ።"

"ለካው! ቁመቱንም። እጠብቃለሁ።"

በእሱ በኩል ስልኩ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ የሚታየው ጣሪያ ብቻ ሆነ። ኦዲል ወንበር ሲጎትት ይሰማል።